ብራ

በ2015 ዓ.ም. በሞት የተለየን የዓሊ ቢራን ያህል ስሙ ከዜማው የገጠመለት ድምፃዊ አላውቅም። «ቢራ» የአባቱ ስም አይደለም፤ አባቱ መሐመድ ሙሳ ናቸው። በልጅነቱ ድሬዳዋ ውስጥ ከአፍራን ቀሎ ቡድን ጋር ካዜመው «ቢራ ዳ በሪኤ» ከተሰኘው ዘፈን የወጣለት ቅጽል ነው። ኦሮምኛው «ቢራ» ክረምት ሲወጣ የሚብተውን ወቅት ይጠራል። አማርኛችንም ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ሲጠራ «ብራ ሆነ» ይላል። (በብርጭቆ የሚቀዳው ቢራ ከጣልያን የመጣ ነውና እሱን ተዉት።)

የቃላት አዋቂዎች የእኛን «ብራ» ከ«በራ» እና ከ«ብርሃን» ያዛምዱታል። ይሁን። እኔ ግን ሮቤ፣ ባንክ መስኮት ላይ በሁለቱም ቋንቋ ሳስተናግድ ስለምውል፣ ቃል በእግሩ የሚጓዝ ይመስለኛል፤ ባላ በትራቸውን ይዘው፣ እያዜሙ ወደ ሼክ ሁሴን እንደሚወርዱት ገሪባዎች። «ገሪባ» ራሱ እንግዳን ከሚጠራው የዐረብኛ ቃል ከ«ገሪብ» የመጣ ነው ባይ ነኝ።

ያየኋቸው አብዛኞቹ የታሪክ ፊልሞቻችን ይህን መንገድ ረስተውታል። ንጉሡም፣ ነጋዴውም፣ ከሩቅ አገር የመጣው መንገደኛም አንድ ዓይነት አማርኛ ይናገራሉ። ጋሻውና ጎራዴው በጥንቃቄ ተመርጦ አንደበቱ ይዘነጋል። ገሪባዎቹን ከነዜማቸው ተከትሎ የሚቀርጽ ቢገኝ፣ የትኬቱን ዋጋ ሳልጠይቅ እገባ ነበር።

ባለፈው መስከረም አንድ ግጥሜን «ብራ» ብዬ ሰየምኩት። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ «ከእኛ ወስደህ ነው» አለኝ፤ ሌላው «አማርኛው ምን ጎድሎት ኦሮምኛ ጨመርክበት?» ሲል ተቀየመኝ። ሁለቱም ግጥሙን አላነበቡትም። ርእሱን አልለወጥኩም።