የጀሶው አበጋዝ

የጢቾ ሰው ጀሶን የሚያውቀው በተሰበረ ክንድ ላይ ነው። እኔም እስከ ዩኒቨርሲቲ ዘመኔ ድረስ ከዚህ የዘለለ ዕውቀት አልነበረኝም፤ ቃሉ ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ መሆኑን፣ የፍሎሬንስ ቀራፂዎችም በዚሁ ስም ይጠሩት እንደነበር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ስማር፣ ሌኒንግራድ የተማሩ አንድ አዛውንት ሠዓሊ በትርፍ ጊዜዬ ሥዕል ያስተምሩኝ ነበር። በሶቪየት የሥዕል ትምህርት ቤቶች ተማሪው ወደ ሕያው ሰው ከመድረሱ በፊት በጀሶ ግልባጮች ይፈተን ነበር፤ አስቀድሞ የማይክል አንጄሎን ዳዊት ዐይን፣ አፍንጫና ጆሮ ለየብቻ ይሥል ነበር፤ ቀጥሎ ሙሉ ራስ ይሰጠው ነበር። ከነዚህ ራሶች አንዱ የጋታሜላታ ነው። አዛውንቱ ዐይናቸው ሲደክም ይህንኑ ራስ ሰጡኝ። በጋቢ ጠቅልዬ፣ በአውቶቡስ ጭኜ ጢቾ አደረስሁት።

አባቴ ከገብስ ማሳ ሲመለሱ ከመደቡ ላይ አገኙት።

«ይህ ሰው ማነው?»

«የጦር አበጋዝ ነው፤ ከሞተ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል።»

«ለማን ነበር የሚዋጋው?»

እውነቱን ነገርኋቸው። ኤራስሞ ዳ ናርኒ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበር ይባላል፤ በደመወዝ እየተቀጠረ ሲዋጋ ኖሮ የቬኒስ ሠራዊት አዛዥ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1443 ሞተ። ዶናቴሎ በነሐስ ቀርፆ በፈረስ ላይ አስቀመጠው፤ ሐውልቱም በ1453 በፓዶቫ አደባባይ ቆመ። ጀሶው ፈረሱን ትቶ ራሱን ብቻ ይዞ ቀርቷል።

«ለከፈለው!» አሉ አባቴ። ከዚያም ከጆሮው ኋላ ወደ ማጅራቱ በሚወርደው ቀጭን መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ይህስ ጠባሳ የጦርነት ነው?»

መጋጠሚያ ነው አልኋቸው። የማፍሰሻው ቅርጽ አንድ ወጥ ከሆነ ከጆሮና ከአገጭ ሥር አይላቀቅም፤ ስለዚህ በብዙ ቁራጭ ይሠራል። የተበጠበጠው ጀሶ ይፈስስበታል፤ ሲረጋም ይሞቃል። ቁራጮቹ በተገናኙበት ጠርዝ ይቀራል። ጎበዝ ሠራተኛ ይፍቀዋል፤ የእኛን የሠራው አልፋቀውም። ከዚያ ሁሉ ፊት አባቴ የወደዱት ይህንኑ መስመር ይመስለኛል። ፊቱም የሰውየው ስለ መሆኑ እጠራጠራለሁ፤ ዶናቴሎ ሐውልቱን የሠራው አበጋዙ ከሞተ በኋላ ነው፤ መልኩም የጥንት ሮማውያንን ምስሎች ይመስላል። ይህን ግን አልነገርኋቸውም።

በዚያው ምሽት ቼኒኖ ቼኒኒ የተባለ ሠዓሊ ከ600 ዓመት ገደማ በፊት የጻፈውን አጫወትኋቸው፤ ሕያው ሰው ፊቱን ዘይት ይቀባል፤ መተንፈሻ ቱቦ በአፍንጫው ይገባለታል፤ ጀሶው ይፈስስበታል። የእርስዎን እንሥራ ብላቸው፣ «ሳልሞት ልትቀብረኝ ነው?» ብለው ሳቁ። ክረምቱ ይለፍ ብዬ ተውሁት። ክረምቱ አለፈ፤ ሌሎችም አለፉ።

ዛሬ የቀረችኝ የመታወቂያቸው ፎቶግራፍ ናት፤ የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች። ፊት ለፊት ስለ ተነሡ አገጫቸው ከጎን ምን እንደሚመስል አታሳይም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በጭቃ ልቀርፃቸው እሞክራለሁ። ግንባራቸው ይመጣልኛል። አገጩ ግን በደረሰ ቁጥር የጋታሜላታ ሆኖ ይወጣል፤ እጄ ሲማር የኖረው የእሱን ነውና።

ባለፈው ሳምንት ራሱን ወደ ግድግዳ አዞርሁት። አሁን ከምሠራበት ወንበር የሚታየኝ ያ መስመር ነው።