የደብረ ታቦር አቀበትና የኤሌክትሪክ መኪና

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ካለው ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዝ ሰው፣ 40 ኪሎ ሜትር በሚያህል መንገድ ከሩዝ ማሳ ወደ ገብስ አገር ይሸጋገራል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስትሆን፣ ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ገደማ ናት፤ ከእርስዋም ወዲያ የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል።

ይህ ደጋ የሸክምን ክብደት አጥብቆ የሚመረምር አገር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ ይዘው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ቢነሡ፣ መንገድ እያስጠረጉ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ብዙ ቤተ ሰብ ጥሪቱን አሟጦ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ያስባል። ሻጩም አስቀድሞ የሚያወራው በአንድ ሙሌት ስለሚኬደው ርቀት ነው። ነገር ግን ያ ቍጥር የተለካው በፈተና ቤት እንጂ በእኛ አቀበት አይደለም።

እስቲ እናስላው። ሁለት ቶን የምትመዝን መኪና 900 ሜትር ሽቅብ ስትወጣ፣ ለከፍታው ብቻ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ትፈጃለች፤ ይህም በሜዳ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ስለዚህ የወረታው 40 ኪሎ ሜትር እንደ 65 ይቈጠር። በመልሱ ቍልቍለት ሞተሩ ኃይል አመንጪ ሆኖ ከፊሉን ለባትሪው ይመልሳል፤ ባትሪው አስቀድሞ ሞልቶ ከሆነ ግን የሚቀበልበት ስፍራ የለውም። የደጋው አየር መሳሳት እንደ ቤንዚን ሞተር ባያደክመውም፣ ብርዱ የሚኬደውን ርቀት ይቀንሰዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ኃይሉ ከወዴት ይገኛል የሚለው ነው። 220 ቮልት የሆነው የቤት መሰኪያ በ10 አምፔር ሲሠራ በሰዓት 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ሌሊቱን 10 ሰዓት ቢሰካ 22 መሆኑ ነው፤ በሜዳ ቢሆን ለ100 ኪሎ ሜትር ያህል ይበቃል። መብራት በጠፋበት ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ ቢኖርባትስ? ስለዚህ ባትሪውን ከግማሽ በታች ሳያወርዱ ማሳደር የቤቱ ሥርዓት ይሁን። እንዲሁም ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪናዎች የመሙያ አፍ ከአውሮፓው የተለየ ስለ ሆነ፣ በመንገድ ከሚገኘው መሙያ ጋር መግጠሙን ከመግዛት በፊት ማረጋገጥ ይገባል።

ከጌጡ ይልቅ የሚጠቅመው ምንድር ነው? ሆዷ ከመሬት የራቀ፣ ባትሪዋ ከታች በብርቱ ብረት የተከለለ፣ አራቱም ጐማ የሚሽከረከርላት፣ ትርፍ ጐማ ያላት መኪና ትመረጥ፤ ብዙዎቹ አዳዲሶች ትርፍ ጐማ የላቸውምና። ከባትሪዋ ለቤት መብራት የምታበራ ብትሆን ደግሞ እሰየው። ሰፊው መስተዋትና የሚከፈተው ጣራ ግን በክረምት ጭቃ ውስጥ ማንንም አያወጡም።

እንግዲህ ገዢው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ዘወትር የሚሄድበትን መንገድ፣ አቀበቱንና የሚያድርበትን ስፍራ በወረቀት ይጻፍ፤ መኪናዋንም በዚያ ይመዝናት።