አኮፋዳና ካርቦን ወረቀት

በ1951 ዓ.ም. መስከረም አባቴ አዲስ ደበሎ አለበሰኝ፣ እናቴ ቆሎ ቋጠረችልኝ፤ ከጮቄ ተራራ ሥር ካለችው መንደራችን ወጥቼ ቅኔ ልማር በእግሬ ደብረ ኤልያስ ገባሁ። ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። በእናቱ ጉያ ሆኖ ቅኔ የተማረ የለም ይባል ነበርና እኔም እንደ ደንቡ ራቅሁ። አባቴ የተመኘልኝ አንድ ነገር ነበር፤ መሪጌታ ሆኜ ተመልሼ የደብራችንን ማሕሌት እንድመራ።

የዚያ ዘመን የቅኔ ተማሪ ሀብቱ ደበሎ፣ አኮፋዳና የውሻ መከላከያ ዱላ ነው። በየደጁ ቆመን «በእንተ ስማ ለማርያም» ስንል፣ ራሷ ያልጠገበች ሴት ከመሶቧ ቆርሳ ታመጣለች። የማን ልጅ እንደሆንን አትጠይቅም። «የኔም ልጅ የሰው ደጅ ቆሟል» ትላለች። ያ ሁሉ ጉባኤ ያለ በጀት የቆመው እንዲህ ነበር፤ እያንዳንዷ እናት የሌላዋን ልጅ እያበላች።

ሌሊት የኔታ ግስ ያወርዱልናል። ቀን በየዛፉ ጥላ ተበታትነን ቅኔ እንቆጥራለን፤ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምረን፣ በዘአምላኪየና በዋዜማ አልፈን፣ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ። ከዚያ የቆጠርነውን ለየኔታ እንነግራለን፤ እሳቸው ያቃናሉ። «ሰሙንማ ማንም ያየዋል፤ ወርቁ የት አለ?» ይሉ ነበር።

በ1957 አባቴ ሞተ። ታናናሾቼን የሚያሳድግ አልነበረምና ጉባኤውን ትቼ ሥራ ፍለጋ ደብረ ማርቆስ ወጣሁ። በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከጋቢያቸው እጥፋት ወረቀት አውጥተው «ተሜ፣ እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። መጥሪያ ነው፤ ቀጠሮውም የማግሥቱ ዕለት ነበር። ሳምንት ሙሉ ይዘውት ሲዞሩ ያነበበላቸው አላገኙም። «መልሱንም አንተው ጻፍልኝ» አሉና ስሙኒ ሰጡኝ። ዐሥራ አራት ዓመት የቆየሁበት ሥራ እዚያው ተጀመረ። ማመልከቻ ጸሐፊ ሆንሁ።

ያኔ በጎጃም የነገር ሁሉ ሥር ርስት ነበር። ባለ ጉዳዩ በአባቱም በእናቱም ትውልድ እየቆጠረ እስከ ዋናው አባት ድረስ ይወጣል፤ እኔም በቃል ማጥናት የለመደ ጭንቅላቴን ይዤ እከተለዋለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት መጥተው ስለ አንድ ቀይ በሬ ብዙ ነገሩኝ። ብዕሬን አስቀምጬ አዳመጥኋቸው። በሬው የሞተው ባላቸው በሞተ ዓመት ነው፤ የሚያርስላቸው ሲያጡ መሬታቸውን እኩል እንዲያርስ ለባላቸው ወንድም ሰጡ፤ እሱ ዛሬ የራሴ ነው ይላል። በሬው ሰም፣ መሬቱ ወርቅ ነበር። የየኔታ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ካርቦኑን አስገብቼ በሦስት ቅጂ ጻፍሁላቸው። ቦታዬን ያገኘሁት ያን ቀን ነው።

በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ፣ ገበሬው መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊወሰድ ነው ብሎ ሰጋ። መጀመሪያ አቤት አለ፤ ሰሚ ሲያጣ ጠመንጃ አነሣ። ሞጣም ዳሞትም ተናወጠ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ያ እስኪሆን ግን ብዙ ደም ፈሰሰ። አቤቱታ ሳይሰማ ሲቀር ምን እንደሚከተል ያኔ አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል እንኳ በቸልታ አልጻፍሁም።

ከቅኔ ቤት ወጥቶ ሌላ ቦታ የተገኘው እኔ ብቻ አልነበርሁም። ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረው፣ ከራስ እምሩ ጋር ፋሺስትን ተዋግተው፣ ጣሊያን አገር ታስረው፣ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1958 ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ ሰጡን። የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤም አዲስ አበባ ላይ የቴአትር ሰው ሆነ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ዋና ገጸ ባሕርይ የበዛብህን ታሪክ በኩራዝ ብርሃን ሳነብ የማውቀው ደበሎ ሸተተኝ።

ጉባኤውን ጥዬ መውጣቴ ግን ይቆጠቁጠኝ ነበር። በ1964 ደብረ ኤልያስ ሄጄ የኔታ እግር ሥር ተደፍቼ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ሰም የሚሠራው ሊቀልጥ ነው፤ ወርቁን አላጠፋህም» አሉኝ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ርስትን የሻረው የገጠር መሬት ዐዋጅ ወጣ፤ የጻፍሁት የትውልድ ቆጠራ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታሪክ ሆነ። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እኔም አስተማሪ ሆንሁ። በማመልከቻዬ ግርጌ ጣታቸውን ይጭኑ የነበሩ ሰዎች ስማቸውን በእጃቸው ጻፉ። «የኔታ» ብለውም ጠሩኝ።

ዛሬም አልፎ አልፎ በደብረ ማርቆስ መንደሮች አኮፋዳ የያዘ ልጅ በር ላይ ቆሞ አያለሁ። ብዙው በር አይከፈትለትም። እባካችሁ ክፈቱለት። ነገ ምን እንደሚሆን እሱም እናንተም አታውቁም፤ እኔን ለሰው ያበቃኝ ግን ስሟን ያልጠየቅኋት ሴት ቁራሽ ነው።