በስሜን ተራሮች አንድ ሌሊት

ከጎንደር ተነሥቶ መቶ ኪሎሜትር ያህል ወደ ሰሜን የተጓዘ ሰው ደባርቅ ይደርሳል። በ1962 ዓ.ም. በሕግ የተከለለው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ይህች ከተማ ናት። ስለ ዋሊያውና ስለ ጭላዳው፥ ስለ ገደሉም ግርማ ብዙ ተጽፏልና፥ እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ጀርባዬ ነው።

በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር እኔና አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ የዓመት ፈቃዳችንን ይዘን ወጣን። ደባርቅ ላይ ድንኳንና ወፍራም የመኝታ ከረጢት ተከራየን። አከራዩ ሁለት የፎም ምንጣፎችም አቅርቦልን ነበር፤ ነገር ግን ክብደታቸው ቀላል ቢሆንም ሲጠቀለሉ ግንድ ያህላሉና «በቅሎዋን በከንቱ ምን አስጫናት?» ብለን ተውናቸው። ኪራዩም ነበረበት፤ የደመወዝተኛ ነገር ይታወቃል።

የመጀመሪያውን ሌሊት በሳንቃበር፥ 3,250 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፥ እያጉረመረምን አሳለፍነው። በማግስቱ የጅንባርን ፏፏቴ አይተን ግጭ ወጣን፤ ይህም 3,600 ሜትር ያህል ነው። ፀሐይ ሳለች ሸሚዝ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ጅብራውም በጓሳው ሣር መካከል እንደ ዘብ ቆሞ ይታያል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ሰማዩ ያለ አንዳች ደመና ቀረና፥ ምድሪቱ ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ላይ ትለቀው ጀመር። በዚያ አገር በበጋ ውርጩ የሚከፋው ስለዚህ ነው።

እኩለ ሌሊት ገደማ ነቃሁ። ደረቴ ሞቆኛል፤ ወገቤና ዳሌዬ ግን በረዶ ላይ የተኛሁ ያህል ደንዝዘዋል። ካፖርቴን ከላይ ብደርብ ለውጥ የለም። ባልደረባዬን ጠራሁት። ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ኖሯል፤ አሁን ግን ምላሱ እንደ ታሰረ ሰው ይኮላተፍ ጀመር። ያን ጊዜ ደነገጥሁ። ብርድ ሰውን ከመግደሉ በፊት አንደበቱን እንደሚያስረው ሰምቼ ነበርና።

ከማድ ቤቱ እሳት ዳር ጠመንጃቸውን ታቅፈው የተቀመጡትን ጠባቂያችንን ጮኬ ጠራኋቸው። መጥተው እጃቸውን በድንኳኑ ወለል ላይ አኖሩና «ልጆቼ፥ ከላይ ለብሳችሁ ከታች ራቁታችሁን ነው እኮ የተኛችሁት!» አሉን። ወዲያው አጎዛቸውን አምጥተው ከሥሩ አነጠፉለት፤ እኔም የያዝነውን ልብስ ሁሉ ከሥራችን ደለደልሁ። ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ በጥቂት በጥቂቱ ጠጣ። ቆይቶም አነጋገሩ ተስተካከለ። ሽማግሌው ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው ያለ ምንጣፍ አነጉ፤ ይህ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ምክንያቱን ኋላ ጠያይቄ ተረዳሁት። የሚያሞቀን ጨርቁ ሳይሆን በውስጡ የታሰረው አየር ነው። የመኝታው ከረጢት ከላይ እንደ ተነፋ ይቆያል፤ ከሥር ያለውን ግን ክብደታችን ይጨፈልቀውና አየሩ ይወጣል፤ መሬትም ሌሊቱን ሙሉ ሙቀታችንን ትመጠዋለች። በፎሙ ምንጣፍ ውስጥ ግን አየሩ ለየብቻቸው በተዘጉ ጥቃቅን ክፍሎች ስለ ታሰረ ሰው ሲተኛበት አይሸሽም፤ ውሃም አይጠጣም። ሁለት ቢደራርቡ ጥቅሙ ይደመራል። የአልጋው ስፖንጅ ግን ሌላ ነው። ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው የተከፈቱ በመሆናቸው ከዳሌ ሥር ይሟሽሻል፤ እርጥበት ካገኘውም ይጠጣል። የተጠራጠረ ቁራጩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ይጭመቀው። አጎዛውስ? ጠጉሩ አየር ይይዛል፥ ቆዳው የመሬቱን እርጥበት ይከለክላል። የደጋ ሰው ፎም የሚባል ነገር ሳይፈጠር ነገሩን ጨርሶታል።

ኢሜት ጎጎ የመውጣታችን ሐሳብ በዚያው ቀረና ወደ ደባርቅ ተመለስን። በዓመቱ ደግመን ስንሄድ በቅሎዋ አምስት ፎም ተጫነች፤ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት፥ አንዱ ለሽማግሌው። እርሳቸውም ተቀብለው ዳበስ ዳበስ አደረጉት፥ ሳቁ፥ አጎዛቸውንም ከላዩ አነጠፉበት።