ያልለካነው የቀትር ጥላ



ባለፈው ሐምሌ የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከምንኖርበት ለንደን በጠዋቱ ባቡር ወደ ኦክስፎርድ ሄድን። መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ነው። እናንተም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ ስንቅ ቋጥሩ። ሙዚየሞቹ በነፃ ያስገባሉ፤ ምግቡ ግን ኪስ ይጎዳል። እኛን ያዳነን ባለቤቴ ሌሊት ተነስታ የጠበሰችው ሳምቡሳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1602 የተከፈተውን የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ከውጭ አየነው። ጄምስ ብሩስ የተባለው ተጓዥ ከጎንደር ያመጣቸው ብራናዎች በዚህ ቤት ይገኛሉ። ኦክስፎርድ በ1636 የመጀመሪያ የዐረብኛ መምህሩ ያደረገው ኤድዋርድ ፖኮክም ሐለብ ከተማ ሳለ የሰበሰባቸው የዐረብኛ ኪታቦች እዚያው ናቸው። ግድግዳውን እያየሁ ትንሽ ቆምኩ። ልጆቹ ግን ቸኩለው ነበር።

ቀጥሎ የገባነው ብሮድ ስትሪት ወዳለው የሳይንስ ታሪክ ሙዚየም ነው። ሕንፃው በ1683 ሙዚየም ሆኖ የተከፈተ ነው። አንስታይን በ1931 ንግግር ሲያደርግ የጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ ሳይጠፋ ተቀምጧል። በየቀኑ ሰሌዳ ለሚጠርግ እንደኔ ላለ መምህር ይህ ትንሽ ያስቃል።

ኋላ አንድ የመስታወት ሣጥን ዘንድ ደረስን። በውስጡ ብርቱካን የምታክል፣ ዐረብኛ የተቀረጸባት የነሐስ ኳስ አለች። ትንሹ ልጄ «አባዬ፣ ይቺ ምንድን ናት?» አለኝ። እኔም ሳላስብ «የቂብላ ኮምፓስ ናት» አልኩት። እንግዲህ ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ አላውቀውም ነበር። ልጆች ኡስታዝ የሚሉኝ ሰው ነኝና «አላውቅም» ማለት ከበደኝ።

ታላቋ ልጄ ጽሑፉን አንብባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባዬ፣ ኮምፓስ አይደለችም፤ አስትሮላብ ናት» አለችኝ። የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ ለክቶ ሰዓት ማወቂያ መሣሪያ ናት። ሙሳ የተባለ ሠሪ በ885 ሂጅራ፣ ማለትም በ1480 ወይም በ1481 እ.ኤ.አ.፣ ስሙን ቀርጾባታል። ጠፍጣፋ አስትሮላቦች ብዙ ተርፈዋል፤ እንዲህ ድቡልቡል ሆና ሙሉዋን የተረፈች ግን ከእርሷ ሌላ አትታወቅም። ጆሮዬ ጋለ። ለትንሹ ልጄ «ተሳስቻለሁ፣ እኅትህ ያለችው ነው ትክክሉ» አልኩት። እርሱም «እሺ» ብሎ ወደ ሌላው ሣጥን ሮጠ። እኔ ስንት ነገር ፈርቼ ነበር!

ከሰዓት በኋላ ሣሩ ላይ አረፍ ብለን ሳለ ልጄ «አንተ ስትማር የሶላት ሰዓት በምን ታውቁ ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ። ወሎ ደረሳ ሳለሁ ሸኻችን ጥላ ይለኩ ነበር። የዐስር ወቅት የሚገባው የአንድ ነገር ጥላ ከቀትሩ ጥላ በላይ የራሱን ቁመት ያህል ሲጨምር ነው አልኳት። ይህንን እንኳ አውቀዋለሁ። እኔ ራሴ ግን ለንደን ከገባሁ ጀምሮ የማየው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የሰዓት ሰሌዳ ብቻ ነው።

ወዲያው የእናትዋን ጃንጥላ ሣሩ ላይ ተክላ ጥላውን በስንዝር ትለካ ጀመር። «የቀትሩስ ስንት ነበር?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ሙዚየም ውስጥ ነበርን። አገራችን የቀትር ጥላ ከእግር ሥር የማይወጣበት ወር አለ፤ እዚህ ግን በሐምሌም ቢሆን ከቁመት እኩሌታ ያልፋል፤ በግምት አይታለፍም።

«አላውቅም» አልኳት። ጃንጥላውን ነቅላ አጠፈችና በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቀትር በፊት ግቢያችን ውስጥ እንድንገኝ ቀጠሮ ያዘችልኝ።