በህዳር ቡሬ ስትሄዱ ምን ትለብሳላችሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጓደኛችን ለትምህርት ወደ ደቡብ ኮሪያ ሊሄድ ሆነ። የሚደርሰው በህዳር አጋማሽ ነው። ታዲያ እኛ ሦስታችን ማንም ሳይሾመን የልብስ ኮሚቴ ሆንን። ሴኡል በዚያ ሰሞን ቀን ቀን ፀሐይ ቢኖርም ሌሊቱ ከዜሮ በታች መውረድ እንደሚጀምር አጣራን። አንድ ወፍራም ካፖርት ብቻ ከሚይዝ ስስ ስስ ልብስ ቢደራርብ እንደሚሻለው ተስማማን። ሰው ቤት ሲገባ ጫማ ስለሚወልቅ፣ ቶሎ የሚወልቅ ጫማና ያልተቀደደ ካልሲ ያስፈልገዋል አልን። ካልሲው ላይ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጅተናል። ዕቃ ሲሰጡት በሁለት እጁ እንዲቀበልም መከርነው፤ ይሄን እንኳ እናቱ አስተምራዋለች።

ጓደኛችን ዝም ብሎ ሲሰማን ቆየና «አጎቴ ቤት ስትመጡ የዚህን ግማሽ ብትዘጋጁ ምን ነበረበት?» አለን።

መልስ አልነበረንም። ልጁ የቡሬ ልጅ ነው። ምን እንዳልለበስንና ምን እንዳደረግን ያውቃል።

በ2010 ዓ.ም. ህዳር ላይ ነው። «ጋቢ ያዙ፣ ማታ ይበርዳል» ብሎን ነበር። እኛ ግን አገሩ ጎጃም ነው፣ ሰሜን ዋልታ አይደለም ብለን በስስ ሹራብ ወጣን። መንገዱም አሳሳተን። ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወረድ ሙቀቱ ሹራቡንም ያስወልቃል። ደብረ ማርቆስ ላይ ነፋሱ ቢነካንም ፍኖተ ሰላም ከሰዓት ስንደርስ ፀሐዩ ደማቅ ነበር። «የታለ ብርዱ?» እያልን ጓደኛችን ላይ ሳቅንበት። ፍኖተ ሰላም አድረን በማግስቱ ጠዋት ወደ ቡሬ ሄድን። (መንገድ ላይ ማንኩሳን ስናልፍ ከመካከላችን አንዱ ስለ ፍቅር እስከ መቃብርና ስለ በዛብህ ሙሉ ሌክቸር ሰጥቶናል። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው እንዳላነበበው በኋላ ተደርሶበታል።) ከቡሬ ደግሞ ወደ ገጠሩ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር።

አለባበሳችንን እንናገር። ሁለታችን ነጭ ስኒከር አድርገናል። ከመካከላችን ያለችው ሴት ጉልበቱ ላይ የተቀዳደደ ጂንስ ለብሳለች፤ ያኔ ፋሽን ነው። ሜዳው በጭጎጊት ስለተሞላ ቤት ስንደርስ ሹራባችን ጃርት መስሏል። የአጎቱ ባለቤት ጉልበቷን አዩና ልጁን ወደ ጓዳ ጠርተው በሹክሹክታ «ምን ደርሶባት ነው?» አሉት። ቀጥሎ መርፌና ክር ይዘው መጡ። ሊሰፉላት! በቁም ነገር ነው። እሷም አፍራ ተቀምጣ አሰፋች።

ስጦታችን ደግሞ ከአዲስ አበባ በጭናችን ተሸክመን ያመጣነው ቶርታ ነበር። እንቁላልና ቅቤ ያለበት ቶርታ፣ ጾመ ነቢያት በገባ በአራተኛው ቀን። ጾሙ ህዳር 15 እንደሚገባ ቀን መቁጠሪያ ላይ ማየት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። አመስግነው ተቀበሉንና መደብ ላይ አስቀመጡት። ማን እንደበላው እስከ ዛሬ አልጠየቅንም።

ይሄ ሁሉ ያስቃል። የሚቀጥለው አያስቅም።

አጎቱ (እኛም እንደ እሱ «አያ» ነው የምንላቸው) በዚያ ቀን ጤፍ ሊከምሩ ነበር። ታጭዶ ማሳው ላይ የተኛ ነዶ አላቸው። ጎረቤቶቻቸውም በወንፈል መጥተውላቸዋል። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ፣ ቀኑም የተቆጠረ ነው። ከአዲስ አበባ እንግዳ መጣ ሲባሉ ማጭዳቸውን ጥለው መጡ። ጠላ ቀረበ፣ ቡና ተፈላ። እኛም አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እያልን ፎቶ ስንነሣ መሸ። «ሥራ አስፈታንዎት እንዴ?» ብለን ነበር፣ ለወጉ ያህል። «እንግዳ ጥሎ ምን ሥራ አለ» አሉን። እኛ ደግሞ የሚባለውንና የሚታሰበውን መለየት አልቻልንም።

ማታ ብርዱ መጣ። ቡሬ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ በህዳር ሰማዩ ጥርት ካለ ሌሊቱ አጥንት ይገባል። ያን ምሽት ግን ሰማዩ አልጠራም። ሦስት ጋቢ ሰጡንና ተጠቅልለን ተኛን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ወረደ። ያለ ጊዜው የመጣ ዝናብ። እኛ ድምፁ ደስ ብሎን እንቅልፋችንን ቀጠልን።

ጠዋት ስንወጣ አያ ማሳው ዳር ቆመዋል። ጎረቤቶቹ ነዶውን እያገላበጡ ፀሐይ ያስመቱታል። የታጨደ ጤፍ ከራሰ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ገበያ ላይም ነጭ ጤፍ ተብሎ አይሸጥም። «የእግዜር ነገር ነው» ብቻ አሉን። በኋላ ከጓደኛችን እንደሰማነው የዚያ ማሳ ምርት በወረደ ዋጋ ነው የተሸጠው። ጋቢዎቹም የቤተሰቡ ነበሩ። ልጆቹ አራት ሆነው በአንድ ብርድ ልብስ አድረዋል።

እና ቡሬ በህዳር ምን ይለበሳል? በ2012 ዓ.ም. ስንመለስ የያዝነውን እንንገራችሁ። የየራሳችን ጋቢ ነበረን፤ አራት ድርብ ስለሆነ ማታ ብርድ ልብስ፣ ንጋት ላይ ካፖርት ይሆናል። ጭጎጊት የማይዘው ለስላሳ ሱሪ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ሸሚዝ (ጤፍ ክንድ ያሳክካል) እና ባርኔጣ ያዝን። ጫማ ቡሬ ገበያ ገዛን፣ ያንን ኮንጎ የሚሉትን ላስቲክ ጫማ። ጭቃም አቧራም አይፈራም፣ ውኃ ሲያፈሱበት ይነጻል፤ የመጀመሪያው ቀን ተረከዝ ይልጣልና ካልሲ አድርጉበት። ሴቶች ሱሪው ላይ ሰፊ ቀሚስ ደርቡ፤ ነጠላም አትርሱ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄዳችሁ አይቀርም። ስጦታው ቡና፣ ስኳርና ሳሙና ነበር። ከአገሩ ግን በርበሬ ይገዛል፤ ቡሬ በበርበሬዋ የታወቀች ናት፣ በዚያ ወራትም ቀይ ሆኖ ተሰጥቶ ታዩታላችሁ።

ከልብሱ የሚበልጠው ቀኑ ነው። ህዳር 12 ሚካኤል ነው፣ ማሳ አይገባም፤ ህዳር 21 ጽዮን ማርያም፣ እንደዚሁ። እሑድማ የታወቀ ነው። እንግድነት በእነዚህ ቀናት ይሁን፣ በሌላው ቀን ግን ሥራ ነው። እኛ ህዳር 10 ማታ ገባን። በማግስቱ ነዶ ስንሸከም ዋልን። አያ መጀመሪያ እሺ አላሉም፣ «እንግዳ እንዴት ይሠራል» ብለው ተቆጡ። ኮንጎ ጫማችንን ሲያዩ ነው የሳቁትና የለቀቁን። ብዙ ረድተናል አንልም። ለአያ የስምንት ዓመት ልጅ የሚከብደው ሸክም ለእኛም ከብዶናል። ግን ክምሩ ሳይመሽ ቆመ። በማግስቱ ሚካኤል ዓርብ ስለዋለ ዶሮም አልታረደልንም፤ በሽሮ ተገላገልን።

ከዚያ ወዲህ አልሄድንም። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፣ ከዚያም ጦርነት። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ የደረሰው የአየር ጥቃት ብዙ ሰው ገደለ። ያኔ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ስለነበር የአያ ቤተሰብ ደኅና መሆኑን የሰማነው ከብዙ ቀናት በኋላ ነው። ፀሐዩ ደምቆ «የታለ ብርዱ?» ያልንባት ከተማ ናት።

ጓደኛችን ኮሪያ ደርሶ ደወለልን። ህዳር ላይ ቤተሰብ ተሰብስቦ ጎመኑን በጨውና በቀይ በርበሬ እያሸ ለክረምት ያስቀምጣል አለ፤ ኪምጃንግ ይሉታል። የበርበሬው ሽታ ቡሬን አስታወሰው። ካልሲው እንደጠቀመው አልደበቀም።

በዚያው ሰሞን አያን በስልክ አገኘናቸው። መቼ እንምጣ ስንላቸው «ቆዩ፣ እኔ እጠራችኋለሁ» አሉን። ቀጥለው ስለ ልጁ ጠየቁ። አገሩ ይበርዳል ወይ? አዎ፣ በጣም ይበርዳል አልናቸው።

«ጋቢ ይዟል?»

ኮሚቴው ካፖርት ብሏል፣ ሹራብ ብሏል፣ ካልሲ ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራክሯል። ጋቢ ያለ አልነበረም። አያ አንድ አዲስ ጋቢ አሠርተው በሰው እጅ ልከውልናል፤ አሁን ወደ ኮሪያ የሚሄድ ሰው እያፈላለግን ነው።