ለገሃርና አያቴ

በእኛ አገር፣ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ ባቡር ሲባል ሰው ቶሎ የሚገባው የእህል ወፍጮው ነው። በሐዲድ የሚሄደውን ለመለየት «የምድር ባቡር» ማለት ያስፈልጋል፤ እርሱም እስከ ዛሬ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም አልገባም። ስለዚህ አያቴ ባለፈው ክረምት ዓይናቸውን ለመታከም አዲስ አበባ መጥተው «ለገሃርን ሳላይ አልመለስም» ባሉ ጊዜ እጅግ ገረመኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ለገሃርን የማውቀው የታክሲ መውረጃ አድርጌ ነበር። ስሙ ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል መምጣቱን እንኳ የሰማሁት በቅርቡ ነው። ኋላ ዐፍሬ ወደ መጻሕፍት ቤት ሄድሁ። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ዛሬ የሚታየው ሕንጻ በ1922 ተመረቀ። የአያቴን ነገር ግን በአንዱም መጽሐፍ አላገኘሁም።

አያቴ የታኅሣሡ ግርግር በተነሣበት ዓመት፣ በ1953 ዓ.ም.፣ በጭነት መኪና የዓባይን በረሃ ወርደው ወጥተው ለገሃር ኩሊ ሆኑ። የቡና ጆንያ ከመጋዘን ወደ ፉርጎ ይሸከሙ ነበር። ቡናው ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ማዶ ይሄዳል፤ እርሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ በባቡሩ ተሳፍረው አያውቁም። ሦስት ዓመት ሠርተው ሁለት በሬ የሚገዛ ገንዘብ ይዘው ተመለሱ። የግራ ትከሻቸው እስከ ዛሬ ዘንበል ያለ ነው፤ እኛ የልጅ ልጆች በዚያ እንስቅባቸው ነበር።

ከአጥሩ ውጭ ቆምን። ዘበኛው መግባት አይቻልም አለን፤ ብንለምነውም እምቢ አለ። አያቴ አልተቈጡም፤ በከዘራቸው እያመለከቱ «እዚያ ሚዛኑ ነበር፣ እዚያ ጥግ እኛ እንተኛ ነበር» ይሉኛል። በአቅራቢያው የከተማው የኤሌክትሪክ ባቡር ሲያልፍ ግን ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። አሮጌው ባቡር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከዚህ መነሣቱን አቆመ፤ አዲሱ የጅቡቲ መስመር በ2009 ሲመረቅ መነሻው ከከተማው ዳር ሆነ። በ2011 ደግሞ በአካባቢው ትልቅ የሕንጻ ሥራ ሲታወጅ፣ አሮጌው ጣቢያ ሙዚየም ሆኖ እንደሚጠበቅ ተነገረ። መልካም ነው፤ ፈርሶ ቢሆን ዛሬ ምን ልናይ እንመጣ ነበር? ዳሩ ግን ግንቡ ድኖ የተሸከሙት ሰዎች ነገር ቢረሳ፣ ያዳንነው ግማሹን ብቻ ይመስለኛል።

ይህንኑ ለአያቴ ነገርኋቸው።

«ሙዚየም ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«የጥንት ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት ነው፣ አባባ።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «የተሸከምሁበት ገመድ እቤት ቆጡ ላይ አለ፤ ይፈልጉት ይሆን?» አሉ።

እጠይቅልዎታለሁ አልኋቸው። እርሳቸው ወደ አገር ከተመለሱ ሁለት ወር ሆነ፤ ማንን እንደምጠይቅ ግን እስካሁን አላወቅሁም።